ትምህርት በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘመን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄ ሲቀርብለት በጽሑፍ የሚመልሰው የሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ፕሮግራም ቻትጂፒቲ በኖቬምበር 2022 ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ ወላጆች፣ መምህራንና ተማሪዎች እየደጋገሙ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ጥያቄዎቹ እኩል ስለማይከብዱ መልሶቹም እኩል አይረዝሙም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካልኩሌተርም ኢንተርኔትም ሲመጡ «ትምህርት አበቃለት» ተብሎ ነበር። የአሁኑ በምን ይለያል?

ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ቶማስ ኤዲሰን በ1913 መጻሕፍት በቅርቡ ከትምህርት ቤት ይወጣሉ፣ ፊልም ይተካቸዋል ብሎ ነበር። በ1950ዎቹ የሥነ ልቦና ምሁሩ ቢ. ኤፍ. ስኪነር የማስተማሪያ ማሽን ሠርቶ አሳየ። በ1960 ደግሞ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፕሌቶ የተባለ በኮምፒውተር የማስተማር ሥርዓት ተጀመረ። መጽሐፉም መምህሩም ዛሬም ክፍል ውስጥ አሉ። ስለዚህ «ከእንግዲህ ሁሉም ነገር ተለወጠ» የሚል ሰው ሲገጥምዎ ቢጠራጠሩ አይፈረድብዎትም።

አንድ ነገር ግን የምር ተለውጧል። ካልኩሌተር ምኑ ከምኑ እንደሚደመር የወሰነ ሰው ይፈልጋል፤ ጥያቄውን አንብቦ ወደ ስሌት መለወጡ የተማሪው ሥራ ሆኖ ይቀራል። ጉግልም ቢሆን ገጹን ያመጣል እንጂ አንብቦ፣ መርጦና አያይዞ የሚጽፈው ተማሪው ነበር። የአሁኖቹ ፕሮግራሞች ጥያቄውን እንዳለ ተቀብለው ከመግቢያው እስከ መደምደሚያው የተሟላ ጽሑፍ ያስረክባሉ። ትምህርት ቤት ደግሞ ለረጅም ዘመን «ወረቀቱ ከተጻፈ አንድ ሰው አስቦበታል» በሚል እምነት ሲሠራ ኖሯል። የቤት ሥራ የሚታረመው፣ ነጥብ የሚሰጠው፣ ተማሪው ከክፍል ክፍል የሚዛወረው በዚሁ እምነት ነው። እሱ ነው አሁን የፈረሰው። የሰው አእምሮ የሚማርበት መንገድ ግን አልተለወጠም፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚህ ነው።

በኤአይ የሚማሩ ተማሪዎች ይጎብዛሉ ወይስ ይሰንፋሉ?

ለሁለቱም ማስረጃ አለ። የሚለያያቸው ማሰቡን የሠራው ማን ነው የሚለው ነው።

ቱርክ ውስጥ ወደ 1,000 የሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተሳተፉበት የሒሳብ ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ በ2024 ይፋ ሆኗል። ተማሪዎቹ በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን እንደ ወትሮው በመጽሐፍና በማስታወሻው ተለማመደ። ለሁለተኛው ቻትጂፒቲን የሚመስል ተራ ፕሮግራም ተሰጠው። ሦስተኛው ያገኘው መልሱን እንዳይናገር፣ ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ ተደርጎ በመምህራን እገዛ የተዘጋጀ ነበር። በልምምዱ ጊዜ ሁለተኛው ቡድን ከመጀመሪያው በ48 በመቶ፣ ሦስተኛው በ127 በመቶ በለጠ። ከዚያ ፕሮግራሙ ተወሰደና ሁሉም በየራሳቸው ተፈተኑ። ተራውን ፕሮግራም ይጠቀሙ የነበሩት ተማሪዎች ምንም ካልተሰጣቸው በ17 በመቶ ዝቅ ብለው ተገኙ። ፍንጭ ሰጪውን የተጠቀሙት ጉዳቱ ባይደርስባቸውም በመጽሐፍ ከተለማመዱት አልበለጡም።

ከቁጥሮቹ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው፦ ውጤታቸው የወረደው ተማሪዎች መውረዳቸው አልታወቃቸውም። ልምምዱ ላይ ሁሉም ነገር ሲሳካላቸው ስለቆየ የገባቸው መስሏቸዋል። እንዲህ ዓይነቱን ተማሪ «አልገባኝም» ብሎ እጁን እስኪያወጣ መጠበቅ አይቻልም፤ አያወጣም።

በሌላ በኩል ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 194 የፊዚክስ ተማሪዎች የተሳተፉበትና በ2025 የታተመ ጥናት ፍጹም የተለየ ውጤት አሳይቷል። በኤአይ አስጠኚ የተማሩት በክፍል ውስጥ በውይይትና በተግባር ከተማሩት ይበልጥ ተምረዋል፤ የፈጀባቸውም ጊዜ ያነሰ ነበር። ግን አስጠኚው ዝም ብሎ የተከፈተ ቻትጂፒቲ አልነበረም። መምህራኑ ራሳቸው እያንዳንዱን ጥያቄ ከነደረጃ በደረጃ መፍትሔው አዘጋጅተው ሰጥተውት ነበር፤ በአንድ ጊዜ አንድ እርምጃ ብቻ እንዲሄድም ታዟል። በ2024 የዓለም ባንክ ናይጄሪያ፣ ቤኒን ሲቲ ውስጥ ለስድስት ሳምንታት ያስጠናው ከትምህርት ሰዓት በኋላ በኤአይ እየታገዘ የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትምህርትም ጥሩ ውጤት አምጥቷል። እዚያም ተማሪዎቹ ኮምፒውተሩ ጋር ብቻቸውን አልተተዉም፤ መምህራን አብረዋቸው ክፍል ውስጥ ነበሩ።

ምክንያቱ ኤአይ ከመምጣቱ በፊት የታወቀ ነው። በ1978 ስላሜካና ግራፍ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰው ተጽፎ ያነበበውን ቃል ሳይሆን ራሱ አሟልቶ ያወጣውን ይበልጥ እንደሚያስታውስ በሙከራ አሳይተዋል። ሮበርት ብዮርክ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1990ዎቹ ይህን ሐሳብ አስፍቶ ለመማር የሚጠቅም ችግር እንዳለ ጽፏል፤ ትንሽ የሚያደክም፣ ትንሽ የሚያዘገይ፣ በኋላ ግን የሚከፍል። ፕሮግራሞቹ የተሠሩት ደግሞ ይህንኑ ድካም ለማስቀረት ነው። ለቢሮ ሠራተኛ ትልቅ ውለታ ነው፤ ለተማሪ ግን ድካሙ ራሱ ትምህርቱ ነበር።

ታዲያ ልጄ እንዴት ይጠቀምበት?

ቀድሞ ይሞክር፣ ከዚያ ይጠይቅ። ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ደንብ አላውቅም። በአንድ ምሳሌ ላሳይ።

አንዲት ተማሪ 1/2 + 1/3 እንድትደምር ታዘዘች እንበል። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምራ 2/5 ብላ ጻፈች። ብዙ ልጆች የሚሠሩት ስሕተት ነው። አሁን ጥያቄውን በስልክ ፎቶ አንስታ «ሥራልኝ» ብትል፣ በሰከንዶች ውስጥ ታቹ ወደ ስድስት ተለውጦ፣ 3/6 እና 2/6 ተደምረው 5/6 ይመጣላታል። ትገለብጠዋለች። ደብተሯ ላይ ትክክለኛ መልስ አለ፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ግን ስሕተቱ እንደነበረ ነው።

እንዲህ ብትጠይቅስ? «እኔ 2/5 አግኝቻለሁ። መልሱን አትንገረኝ። የት እንደሳትኩ ራሴ እንዳይ የሚያደርግ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀኝ።» ፕሮግራሙ ሊመልስ የሚችለው «ከ1/2 እና ከ2/5 የትኛው ይበልጣል?» የሚል ነው። ልጅቷ ታስባለች። ግማሽ ይበልጣል። ቆይ፣ በግማሽ ነው የጀመርኩት፣ በላዩ ላይ ጨምሬበታለሁ፣ እንዴት አነሰ? ይህቺ «እንዴት አነሰ?» የምትለዋ ጥያቄ ከአሥር የተገለበጡ መልሶች ትበልጣለች። ቀጥሎ ስልኩን ዘግታ 1/4 + 1/5ን ብቻዋን ትሥራ። ይህን የመጨረሻውን እርምጃ ብዙዎች ይዘሉታል፤ መግባቱና አለመግባቱ የሚታወቀው ግን እሱ ላይ ነው።

ለድርሰትም ያው ነው። ረቂቁን ልጁ ይጻፍ፤ ፕሮግራሙ «የትኛው አንቀጽ ግልጽ አይደለም? እንዳታስተካክልልኝ፣ ጠቁመኝ ብቻ» ተብሎ ይጠየቅ። «አሳምረህ ጻፍልኝ» ከተባለ አሳምሮ ይጽፋል፤ ልጁ ግን ከዚያ ጽሑፍ ምንም አያተርፍም።

ወላጅ ሒሳቡን ባያውቅም ምሽት ላይ «ዛሬ ምን ጠየቅኸው? ምን አለህ? አንተስ አመንከው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።

መምህር ነኝ። ጽሑፉን ተማሪው ወይስ ማሽን እንደጻፈው የሚለይ ፕሮግራም አለ?

አለ፤ አይመኑት።

ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ በጃንዋሪ 2023 እንዲህ ያለ መለያ አውጥቶ ነበር። በራሱ በኩባንያው መግለጫ መሠረት በማሽን ከተጻፈው የሚይዘው 26 በመቶውን ብቻ ሲሆን፣ ሰው ከጻፈው ደግሞ 9 በመቶውን የማሽን ነው ይል ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ተዘጋ። ዘጠኝ በመቶ ትንሽ ይመስላል። ከመቶ ሐቀኛ ተማሪዎች ዘጠኙ ኮራጅ ተብለው ሲጠሩ ያስቡት።

የባሰም አለ። በ2023 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት መለያዎችን ወስደው፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ቶፍል ለተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያ ፈተና የጻፏቸውን ድርሰቶች ሰጧቸው። መለያዎቹ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ድርሰቶች የማሽን ሥራ ናቸው አሉ። የአሜሪካ ስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የጻፉትን ግን ከሞላ ጎደል በትክክል ለይተዋል። መለያዎቹ የሚለኩት ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ምን ያህል የሚጠበቅ እንደሆነ ነው። ቋንቋውን በትምህርት ያገኘ ሰው የሚጠቀመው የተለመዱትን ቃላትና ቀጥ ያለውን ዐረፍተ ነገር ስለሆነ ከማሽን ጋር ይመሳሰልባቸዋል። ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በኦገስት 2023 ተርኒቲን የተባለውን ኩባንያ መለያ ያጠፋው ከእንዲህ ዓይነቶቹ ሥጋቶች የተነሣ ነው።

ተማሪን በፕሮግራም ግምት ብቻ መክሰስ በእኔ እይታ ከኩረጃው የከፋ በደል ነው። ከጠረጠሩ ይጠሩትና ስለ ጽሑፉ ያነጋግሩት።

የቤት ሥራ ይቅር ማለት ነው? ምዘናውስ እንዴት ይሁን?

የቤት ሥራው ይቆይ፣ ነጥቡ ይነሣ። ቤት የሚሠራው ለልምምድ፣ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ለነጥብ ከሆነ የመኮረጅ ጥቅሙ ራሱ ይጠፋል። የአውስትራሊያው ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሐሳብ «ሁለት መስመር» ብሎ ደንብ አድርጎታል፦ በአንደኛው መስመር ተማሪው በአካል ተገኝቶ በክትትል ይመዘናል፤ በሁለተኛው ኤአይን እንደልቡ ይጠቀማል፣ ምክንያቱም ተመርቆ በሚሠራበት ዓለም ስለሚጠቀምበት። የሚከለከለውና የሚፈቀደው ተለይቶ ስለሚታወቅ መሐል ላይ ያለው «ትንሽ ብቻ ተጠቀሙ» የሚል ማንም የማያስከብረው ትእዛዝ ይቀራል።

ወደ ወረቀትና እስክሪብቶ ፈተና የተመለሱ ብዙ ናቸው። ለቀመርና ለመሠረታዊ እውቀት ይሠራል። ሁሉንም ነገር ወደዚያ መመለስ ግን ያስፈራኛል፤ በሁለት ሰዓት ጥድፊያ የሚጻፍ ድርሰት ሁለት ሳምንት ተብሰልስሎ የሚጻፈውን አይተካም። ሐሳብ የሚጠራው ሲጻፍ፣ ሲሰረዝ፣ እንደገና ሲጻፍ ነው። ረጅሙን ጽሑፍ ማስቀረት ከማሽኑ በላይ ይጎዳል።

ለረጅሙ ጽሑፍ የሚሻለው የአምስት ደቂቃ ንግግር ነው። ተማሪዋ ወረቀቷን ይዛ ትቀመጣለች። መምህሩ ይጠይቃል፦ «ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ይህን ምሳሌ ለምን መረጥሽው?» «ይህን ሐሳብ የማይቀበል ሰው ምን ይልሻል?» «እንደገና ብትጽፊው ምኑን ትለውጪያለሽ?» ራሷ የጻፈች ተማሪ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ፊቷ ይበራል፤ ስትጽፍ ያልጣማት ዐረፍተ ነገር አይጠፋምና። ያልጻፈች ግን ወረቀቱን እንደ እንግዳ ታነበዋለች። አብዛኛውን ጊዜ መለያ ፕሮግራም አያስፈልግም።

«ስልሳ ተማሪ ይዤ ይህን መቼ ልሥራው?» የሚለው ትክክለኛ ተቃውሞ ነው። ሁሉንም ማነጋገር አይቻልም። በየጽሑፉ ጥቂቶችን በዕጣ መጥራት ግን ይቻላል፤ ማን እንደሚጠራ ካልታወቀ ሁሉም ይዘጋጃል። ረቂቅ ከነስርዝ ድልዙ አብሮ እንዲገባ ማድረግም ይረዳል፣ ምንም እንኳ ረቂቅ የሚመስል ነገር በማሽን ማሠራት ቢቻልም።

እውቀት ሁሉ ስልክ ውስጥ ካለ ልጆች ለምን በቃል ያጥናሉ?

የማያውቁትን ማረም ስለማይቻል። በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የሰጣቸውን የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጠቅሰው አቤቱታ አስገቡ። ውሳኔዎቹ ጨርሶ ያልነበሩ፣ ማሽኑ ፈጥሮ የጻፋቸው ነበሩ። አስገራሚው ነገር አንደኛው ጠበቃ ጠርጥሮ «እውነተኛ ናቸው?» ብሎ የጠየቀው ያንኑ ፕሮግራም መሆኑ ነው፤ «አዎ» አለው። ፍርድ ቤቱ 5,000 ዶላር ቀጣቸው። ጠበቆች እንዲህ ከሆኑ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ምን ይሁን?

እነዚህ ፕሮግራሞች ሲሳሳቱም ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም፤ እውነቱና ስሕተቱ የሚመጣው በአንድ ዓይነት ልበ ሙሉነት ነው። «ይሄ ነገር አልመሰለኝም» የሚለው ስሜት የሚመጣው ቀድሞ ካወቁት ነው። የማባዛት ሠንጠረዥ፣ የታሪክ ቅደም ተከተል፣ የሳይንስ መሠረታዊ ሕግጋት አሁንም ጭንቅላት ውስጥ መግባት አለባቸው። ያለ ትርጉም የሚሸመደደው ዝርዝር ግን ድሮም አያስፈልግም ነበር።

ኤአይ መምህሩን ይተካዋል?

አይተካውም። ሊያግዘው ግን ይችላል። በ2024 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ይፋ ባደረጉት ሙከራ፣ ወደ 900 የሚጠጉ አስጠኚዎች ተማሪ ሲያስጠኑ ምን ቢሉ እንደሚሻል ከጎን የሚጠቁም ፕሮግራም ተሰጣቸው። ተማሪዎቹ ትምህርቱን የመጨበጥ ዕድላቸው በ4 የመቶኛ ነጥብ ጨመረ፤ ደካማ የሚባሉት አስጠኚዎች ያስጠኗቸው ዘንድ ደግሞ በ9። ልብ በሉ፣ ልጁን ያነጋገረው ሰው ነው።

መምህሩን ሳያሳምኑ የሚሄዱበት መንገድ ሩቅ አያደርስም። ደቡብ ኮሪያ በማርች 2025 በኤአይ የሚሠሩ ዲጂታል መማሪያ መጻሕፍትን ትምህርት ቤቶች ውስጥ አስገባች፤ የመምህራንና የወላጆች ተቃውሞ በረታና በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ምክር ቤቱ «መማሪያ መጽሐፍ» የሚለውን ደረጃ ነፍጎ ተጨማሪ ማቴሪያል አደረጋቸው።

ጨርሶ ማገድ አይሻልም?

ለሰዓታት ይሠራል፣ ለዓመታት አይሠራም። የኒው ዮርክ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቻትጂፒቲን በጃንዋሪ 2023 አግደው በሜይ እገዳውን አነሡ። ልጆቹ ቤታቸው ሄደው ይጠቀሙበት ነበራ። የቻይና ኩባንያዎች በጁን 2025 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው በሚሰጥባቸው ሰዓታት ከፎቶ ላይ ጥያቄ የሚመልሰውን አገልግሎት መዝጋታቸው ግን ትርጉም ያለው እገዳ ነው፤ ገደቡም ጊዜውም ይታወቃል።

ኢስቶኒያ ተቃራኒውን መርጣለች። ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ 20,000 ገደማ ለሚሆኑ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የኤአይ መሣሪያ ለመስጠት ተነሥታለች፤ መምህራንንም አብራ እያሠለጠነች ነው። ውጤቱን ለመመዘን ገና ነው።

ፈተና ማረምንና ነጥብ መስጠትን ለማሽን ብንተወውስ?

የፊደል ግድፈት መልቀምን ይተዉለት። የልጅን ዕጣ ፈንታ የሚወስን ውጤት ግን አይተዉለት። በ2020 በኮቪድ ምክንያት እንግሊዝ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሲሰረዝ ውጤቱን አልጎሪዝም (የኮምፒውተር ቀመር) እንዲያስተካክለው ተደረገ። መምህራን ከገመቱት ውጤት 40 በመቶ የሚጠጋው ዝቅ አለ። ከሚያይባቸው ነገሮች አንዱ ትምህርት ቤቱ በቀደሙት ዓመታት ያስመዘገበው ውጤት ስለነበር፣ ደካማ የሚባል ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ጎበዝ ተማሪ በሌሎች ታሪክ ተቀጣ። ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ ውጤቱ በተነገረ በአራት ቀን ተሻረ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ዛሬ ለተማሪ ቅበላና ምዘና የሚውል ኤአይን «ከፍተኛ ሥጋት» ካላቸው ውስጥ መድቦታል፤ ትምህርት ቤት ውስጥ የተማሪን ስሜት ከፊቱ አንብቦ ለመገመት የሚሞክረውን ደግሞ ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ በመርሕ ደረጃ ከልክሏል።

በአማርኛ ስጠይቀው የሚዘባርቀው ለምንድን ነው?

የተማረው በአብዛኛው ከኢንተርኔት ጽሑፍ ነው፤ እዚያ ብዙ ያልተጻፈባቸውን ቋንቋዎች ያን ያህል አያውቃቸውም። ዐረፍተ ነገሩ ለጆሮ ደህና ሆኖ ስም፣ ዓመተ ምሕረትና ቁጥር ሊስት ይችላል። ትምህርት ነክ ጥያቄ ሲሆን መልሱን ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። ሐሳቡ ውስብስብ ከሆነና ተማሪው ሌላ ቋንቋ የሚችል ከሆነ በሁለቱም ጠይቆ ማነጻጸር ስሕተቱን ቶሎ ያወጣዋል።

ልጄ ምን ቢማር ያዋጣዋል?

«ይህ ሙያ ይጠፋል፣ ያኛው ይተርፋል» የሚሉ ዝርዝሮች ግምት ናቸው። አጥርቶ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማስላትና የሰጡትን መልስ መጠራጠር የማይፈለግበት ሙያ እስካሁን አልታየም።

ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ይጠቀም?

ዩኔስኮ በሴፕቴምበር 2023 ባወጣው መመሪያ ክፍል ውስጥ ለመጠቀም ዝቅተኛው ዕድሜ 13 እንዲሆን መክሯል። የቻትጂፒቲ የአጠቃቀም ውልም ከ13 ዓመት በታች የሆኑትን አይፈቅድም፣ እስከ 18 ድረስ ያሉት ደግሞ የወላጅ ፈቃድ እንዲኖራቸው ይጠይቃል። ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወላጅ አጠገቡ ተቀምጦ በወላጁ አካውንት ቢጠይቅለት ይሻላል። በማንኛውም ዕድሜ ሙሉ ስም፣ የትምህርት ቤት ስም፣ አድራሻ፣ የራስም የጓደኛም ፎቶ፣ የጤና ሁኔታ እዚያ ውስጥ አይጻፍ፤ የተጻፈው ፕሮግራሙን ለማሠልጠን እንዲውል የሚያደርገውን ምርጫም ከመጀመሪያው ቀን ቅንብሩ ውስጥ ገብተው ያጥፉት።